ውሃ የማትወድ የውሃ አበባ

ጣና ዳር ቆም ብሎ ያየ ሰው የውሃ አበባን ያውቃታል፤ ሰፋፊ ቅጠሏን ውሃው ላይ ዘርግታ ስትንሳፈፍ። ሩዋንዳ ያለችው ዘመዷ ግን ጉደኛ ናት። ቅጠሏ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ የትንሽ ጣት ጥፍር በሉት። ከውሃ አበቦች ሁሉ እንደሷ ድንክ የለም።

ያገኛት ኤበርሃርድ ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ፣ ማሹዛ ከሚባል ፍል ውሃ አጠገብ። ፍል ውሃው ውስጥ ግን አትገባም፤ ማን ይቀቀላል? ውሃው ሞልቶ ሲፈስና ወደ 25 ዲግሪ ሲበርድ፣ እሱ ያራሰው ጭቃ ላይ ነው ኑሮዋ። ከዚያች ቦታ ሌላ አገር አልነበራትም። ሰዎች ምንጩን ለሥራቸው ሲጠልፉት ጭቃው ደረቀ፤ በ2008 እሷም ከቦታዋ ጠፋች ተባለ።

ደግነቱ ፊሸር አስቀድሞ ጥቂቷን ወደ ጀርመን፣ ቦን ወስዶ ነበር። ከዚያ ዘሩ ለንደን፣ ኪው የዕፅዋት መናፈሻ ደረሰ፤ እዚያ ደግሞ ካርሎስ ማግዳሌና የሚባል ስፔናዊ አለ፣ የሞተ ተክል ያስነሳል የሚባልለት። የሱም ችግኝ ግን እንደ ዘመዶቿ ውሃ ውስጥ ሲያሳድጋት እየመነመነች አስቸገረችው። መልኳ የውሃ አበባ፣ ጠባይዋ ሌላ! በኋላ ነው የገባው፦ የምትፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ አይበቃትም፣ ከአየር ነው የምታገኘው። ማሰሮዋን ከፍ አድርጎ አፈሩን ከውሃው ጋር እኩል አደረገላት። በ2009 አበበች። እኔን ከሳይንሱ ይልቅ የሚገርመኝ ሰውየው እሷን ከማስተማር ይልቅ ከእሷ ለመማር መታገሡ ነው።

ሌባም አላጣትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አንዱ ከኪው የመስታወት ቤት አንዷን ሰርቆ ሄደ፤ በዚህ ቁመቷ ኪስ ይበዛባታል እንጂ አያንሳትም።

በ2023 ደግሞ ተመራማሪዎች እዚያው ማሹዛ ሄደው በሕይወት አገኟት። ዘሩ ኪው አለ፣ አበባዋ አገሯ ላይ አለች፤ የቀረው ጭቃው እንዳይደርቅ የምንጩን ውሃ መተው ነው፤ ያንን ደግሞ የለንደን መስታወት ቤት ሊያደርግላት አይችልም።