«የጣሊያን ነው»

ሞጆ ውስጥ አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሰው የዕቃውን አገር ሲጠየቅ አይጨነቅም። ወፍጮው የጣሊያን ነው፤ ሚዛኑ የጣሊያን ነው፤ ከነመቃኑ ተነቅሎ የመጣው የብረት በር ሳይቀር የጣሊያን ነው። የተሰበረና የተጣመመ ከሆነ ደግሞ የቻይና ነው። እንግዲህ ትራፓኖ ልገዛ የወጣሁት እዚህ ገበያ ውስጥ ነው።

የፈለግሁት ጓሮዬ ውስጥ ላለችው የቆርቆሮ ወርክሾፕ የሚሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መሰርሰሪያ ነበር። በእጅ የሚያዘው ድሪል ይበሳል እንጂ ቀጥ አድርጎ አይበሳም። ለመጋረጃ ዘንግ ይበቃል፤ ሁለት ወፍራም ብረት ገጥሞ በቡሎን ማሰር ሲመጣ ግን አንዱ ቀዳዳ ወደ ዝዋይ፣ አንዱ ወደ አዳማ ያያል። ትራፓኖውን ያገኘሁት ወደ አዳማ መውጫ ካለ የቁራጭ ብረት ግቢ፣ ከተቆራረጠ የጭነት መኪና ሻንሲ ሥር ተጋድሞ ነው። ዓምዱ ዝጓል፣ ቺንጋ የለውም፣ የማውረጃ እጀታው ተሰብሮ በፌሮ ተተክቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጣሊያን ነው» አለኝ ሻጩ ልጅ። «ቆቃ ግድብ ሲሠራ የገባ።»

ከመሬት ተነሥቶ አልዋሸም። ቆቃ ቅርባችን ነው፤ ግድቡም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመርቋል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ» ሲል የአምስቱን ዓመት ወረራ ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ ከገባው ማሽን ደግሞ ብዙው እዚህ አልቀረም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ እንግሊዞች ፋብሪካውንም ጋራዡንም «የጦር ምርኮ ነው» እያሉ ፈትተው ወደየግዛቶቻቸው ጫኑት። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ይህንኑ ነቀላ በሰነድ አስደግፈው ጽፈውታል። ያ ሁሉ ማሽን በድብቅ ተመልሶ ሞጆ ካልገባ በቀር የሻጮቻችን ሒሳብ አይገጥምም።

አጠገባችን ሻይ የሚጠጡ አንድ አዛውንት በበኩላቸው «የጣሊያን አይደለም፣ የባቡሩ ነው፤ ፈረንሳይ ነው» አሉ። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው በእርግጥም በሞጆ አልፎ ነው። ሆኖም የባቡሩ ዋና ወርክሾፕ ድሬዳዋ ነበር፤ ሞጆ ላይ ሰውና ጭነት ይወርድ ነበር እንጂ ትራፓኖ አልተተከለም።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? እኔም ናፍጣ የነካ ጨርቅ አስመጥቼ መጥረግ ጀመርሁ። ከላይ ሰማያዊ ቀለም፣ ከሥሩ ግራጫ አረንጓዴ። ጎኑ ላይ በነጭ የዘይት ቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ግማሹ ተፍቆ ይታያል፤ የግል ሰው ንብረቱን ቁጥር አይቀባም፣ መንግሥት ነው የሚቀባ። ጠረጴዛው ደግሞ ወንፊት እስኪመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ልምድ ያለው ባለሙያ ከብረቱ ሥር እንጨት ያስገባል፤ ጠረጴዛውን የሚበሳው ተማሪ ነው። ስለዚህ ይህ ማሽን የቴክኒክ ትምህርት ቤት ልጅ ነው ብዬ ደመደምሁ። ከሞተሩ ሥር ትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ወጣች።

«ይኸው!» አለ ልጁ። «ሲ ሲ ሲ ፒ። የጣሊያን ኩባንያ ነው።»

ኩባንያው ሶቪየት ኅብረት ነበር። እነዚያን አራት ፊደላት ሩሲያዊ ሲያነባቸው ኤስ ኤስ ኤስ አር ናቸው። የሞዴሉ ቁጥር ሁለት ብሎ ይጀምርና 12 ላይ ያበቃል፤ በሶቪየቶች አሰያየም መጀመሪያ ላይ ያለው ሁለት የመሰርሰሪያ ማሽኖች ምድብ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው 12 ብረት የሚበሳበት ትልቁ ፑንታ በሚሊ ሜትር ነው። በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ ማሽን ከሶቪየትና ከምሥራቅ ጀርመን ለፋብሪካውም ለትምህርት ቤቱም ይገባ ነበር፤ አጠገባችን አዳማም የትራክተር መገጣጠሚያው በሶቪየቶች እርዳታ ነው የቆመው። ልጁ የጣሊያን ዋጋ ጠርቶ ነበር፤ ከሰሌዳዋ በኋላ የሩሲያ ዋጋ ከፈልሁ። ሲያስረክበኝ ግን «ለሌላ ሰው የጣሊያን ነው በል» ብሎ መከረኝ።

እድሳቱ ላይ ብዙ አላወራም፤ ዝገት በናፍጣና በብርጭቆ ወረቀት እንደሚለቅ ማንም ያውቃል። የሚገርመው ኩሽኔታው ነው። ከዘንጉ ያወጣሁት ላይ 204 ተጽፏል። አዳማ ሱቅ ውስጥ 204 ብዬ ብጠይቅ «እንዲህ የሚባል የለም» ተባልሁ። በካሊፐር ስንለካው የውስጡ 20፣ የውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ ዓለም ሁሉ 6204 የሚለው፣ በውሃ ፓምፕና በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚሽከረከረው ኩሽኔታ ነው፤ ሶቪየቶች ስድስቷን አይጽፏትም ነበር። ፑንታ የሚይዘው ቸክ የሚሰካበት ሾጣጣ ደግሞ አሜሪካዊው ስቲፈን ሞርስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካወጣው ልክ የተቀነሰ ነው። ሁለቱ ኃያላን በኑክሌር ሲዛዛቱ በሾጣጣ ተስማምተው ነበር ማለት ነው፤ የቻይና ቸክ ገዝቼ መታ ባደርገው ልክክ አለ።

ሞተሩ ግን አልተስማማኝም። ባለ 0.55 ኪሎ ዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ የእኔ ቤት መስመር አንድ ፌዝ ነው። ሽቦውን ለ220 ቮልት አስተሳስሮ ካፓሲተር መጨመር ይቻላል፤ የተለመደው ስሌት ለአንድ ኪሎ ዋት 70 ማይክሮ ፋራድ ነው፣ ለእኔ 40 ገደማ መሆኑ ነው። ይዞራል፤ ጉልበቱ ግን ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ይጎድላል። ለ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ አልሰነፈም፣ ለ12 ያቃስታል። ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ የጣሊያን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት።

ዛሬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ አዲስ የቻይና ትራፓኖ በኮንቴይነር ይወርዳል፤ በዚያው መንገድ አሮጌው ተቆራርጦ ፌሮ ሊሆን ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። አዲሱን አልንቅም፣ የተሰካው ቸክም ከዚያው አገር ነው። የሚያናድደኝ የጨረታው ማስታወቂያ ነው። ትምህርት ቤትና ፋብሪካ አሮጌ ማሽን ሲያስወግዱ «ልዩ ልዩ ያገለገሉ ብረታ ብረቶች» ብለው ይለጥፋሉ፤ ያን አንብቦ የሚመጣው ሚዛን ያለው ነጋዴ ብቻ ነው። እናንተ የንብረት ክፍል ሰዎች፣ ከማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር እንዳለ ገልብጣችሁ ማስታወቂያው ላይ አስፍሩልን። ፊደሉን ማንበብ ካስቸገራችሁ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለጥፉት።