መርሳት ወንጀል አይደለም፤ የአንዲት ስታንድ ነገር

አደጋ ሲደርስ የሚባለው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። «በአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት» ይባላል፤ ቀጥሎ «አሽከርካሪዎች ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማሳሰቢያ ይከተላል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። በማግሥቱ ሌላ ሰው ያንኑ ስህተት ይደግማል። ማሳሰቢያው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሰው የሚረሳው ማሳሰቢያ ስላልሰማ ብቻ አይደለም። ይህን ለማየት ትልቅ የአውቶቡስ አደጋ መጥቀስ አያስፈልግም። የሞተር ሳይክል የጎን ስታንድ ትበቃለች።

ሞተር ሳይክል ሲቆም ወደ ግራ ዘንበል ብሎ የሚደገፍባት ያቺ ብረት፣ ሰውየው ሲነሳ በእግሩ ገፍቶ ወደ ኋላ ካላጠፋት እንደወረደች ትቀራለች። ክፋቷ ዝም ማለቷ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ምንም አትነካም። ወደ ቀኝ ሲታጠፉም ከመሬት ትርቃለች። ወደ ግራ ሲታጠፉ ግን ሞተር ሳይክሉ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ያኔ የብረቷ ጫፍ አስፋልቱን ትወጋለች። ክብደቱ ከጎማው ላይ ተነስቶ ብረቷ ላይ ያርፋል፤ ጎማው መሬት መያዙን ያቆማል፤ ሞተር ሳይክሉ መታጠፉን ትቶ ወደ ውጭ ይወጣል ወይም ይወድቃል። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር፣ በኢትዮጵያም በአሜሪካም፣ ወደ ግራ መታጠፍ ማለት ከፊት የሚመጣን መኪና ማቋረጥ ማለት ነው። የተረሳችው ስታንድ የምትቀጣው እንግዲህ ከሁሉ በከፋው ቦታ ነው።

በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ኢትዮጵያዊ ይህን በትከሻው አጥንት ነው የተማረው። ሞተር ሳይክሉ እ.ኤ.አ. የ1972 ሆንዳ ሲቢ 350 ነው። በወጣትነቱ ሲመኘው ኖሮ፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ያገለገለ ገዝቶ በገዛ እጁ ያደሰው። አንድ እሑድ ጠዋት በስታንዱ እንደቆመ ሞተሩን አስነሳ። አሮጌ ሞተር ብርድ ላይ ወዲያው አይነዳም፤ እስኪሞቅ መጠበቅ አለበት። ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ጓንቱን አደረገ፣ ስታንዱን ሊያነሳ ሲል ጎረቤቱ መጣ። እንደ አገር ቤት ልማድ ሰላምታው ረዘመ፤ የቤተሰቡ፣ የሥራው፣ የጤናው ነገር ተጠየቀ። ሲሰነባበቱ ሰውየው ማርሽ አስገብቶ ሄደ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ወደ ቀኝ ነበርና ምንም አልሆነም። ሁለተኛው የትራፊክ መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ወደ ግራ ነበር። ከፊቱ የመጣችው መኪና ፍሬን ይዛ ባትቆም ኖሮ የተሰበረው አጥንት አንድ ብቻ አይሆንም ነበር።

ሆስፒታል የጠየቀው ሁሉ አንድ ነገር ነው የነገረው፤ «ከእንግዲህ ተጠንቀቅ»። ባለቤቱ ደግሞ «ሽጠውና ገላግለን» አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። እሱም ሁለቱንም አልተቃወመም። ትከሻው ሲድን ግን ሞተር ሳይክሉን አልሸጠም፤ «ስታንድ!» ብሎ በትልቁ ጽፎ ቤንዚን ታንኩ ላይ ለጠፈ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወረቀቱን ማየት አቆመ። ወረቀቱ አልተነሳም፤ ዓይኑ ለመደው እንጂ። ሁልጊዜ የሚታይ ማስጠንቀቂያ ውሎ አድሮ እንደ ቀለም ይሆናል።

ለምን ይረሳል? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሰው አንድን ሥራ የሚጀምረው ለአንድ ዓላማ ነው፤ ዓላማው የተሳካ ሲመስለው የቀረችው ትንሽ ነገር ከአእምሮው ትወጣለች። የሞተር ሳይክሉ ዓላማ መሄድ ነው፤ ሞተሩ ተነስቶ ሲንደቀደቅ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በመሀል ሰው ካናገረው ደግሞ የት ላይ እንዳቆመ ይጠፋዋል። የኤቲኤም ማሽንን ማስታወስ ይቻላል። ብር ቀድሞ የሚወጣበት ማሽን ላይ ሰዎች ብራቸውን ይዘው ካርዳቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ የመጡት ለብሩ ነውና። ስለዚህ ብዙ ማሽኖች ካርዱን ካልወሰዱ ብሩን አይሰጡም። «ካርድዎን አይርሱ» የሚለው ጽሑፍ ያልፈታውን ችግር የቅደም ተከተል ለውጥ ፈታው። ደንበኞች በአንድ ሌሊት ጠንቃቃ አልሆኑም፤ የተለወጠው ማሽኑ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በመኪናው ዓለም በቀላሉ አልመጣም። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ አደጋ ማለት የነጂው ጥፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ኔደር «በየትኛውም ፍጥነት አስተማማኝ ያልሆነ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጠውን መጽሐፍ አሳትሞ ጥያቄውን ወደ መኪና አምራቾች አዞረው። በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ወጣ። በሕጉ የተቋቋመውን መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የመሩት ዊልያም ሃዶን ሐኪም ነበሩ። አደጋን የሚያዩትም እንደ በሽታ ነበር። ሐኪም ወባ የያዘውን ሰው «ለምን ተነደፍክ?» ብሎ አይወቅስም፤ አጎበር ይሰቅላል፣ ውኃ ያቋተ ቦታ ያደርቃል። ከዚያ መሥሪያ ቤት የወጣ አንድ የሞተር ሳይክል ደንብ፣ ቁጥር 123፣ ከሴፕቴምበር 1974 ጀምሮ ስለ ስታንድ አንድ አጭር ነገር አዘዘ፤ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ሲሄድ ስታንዱ መሬት ከነካ ወደ ኋላና ወደ ላይ መታጠፍ አለበት። የሰውየው ሆንዳ ከደንቡ ሁለት ዓመት ይቀድማል።

አምራቾች መልስ ፈለጉ። ሆንዳ ስታንዱ ጫፍ ላይ ከብረቱ አልፎ የሚወጣ ጎማ ገጠመ። ስታንዱ ሳይነሳ ከተሄደ ጎማው ከብረቱ ቀድሞ አስፋልቱን ይነካና እየተጎተተ ስታንዱን ወደ ኋላ ያጥፈዋል። ጎማው ላይ የማለቂያ መስመር አለበት፤ እስከዚያ ከተበላ መለወጥ አለበት። ቢኤምደብሊውን የመሳሰሉ አምራቾች በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ላይ ክብደቱ ሲነሳለት በሞላ ተስቦ ራሱ የሚታጠፍ ስታንድ ሠሩ። ይህኛው ረስቶ መሄድን በርግጥ ይከለክላል፤ ግን ሌላ ችግር አመጣ። የቆመ ሞተር ሳይክል ትንሽ ቢነካ ወይም ቁልቁለት ላይ ቢንሸራተት ስታንዱ ታጥፎ ይወድቃል። አጠገቡ ሕፃን ቢኖርስ? አንዱን አደጋ ለመከላከል ሌላ አደጋ መግዛት መፍትሔ አይባልም፤ ብዙ ባለቤቶችም አውልቀው በሌላ ለወጡት።

የተሻለው መንገድ ከጊዜ በኋላ የተለመደው የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ነው። ስታንዱ ወርዶ ሳለ ሞተሩ ፎሌ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ማርሽ ሲገባ ግን ይጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት መመሪያ ስታንዱ ራሱ እንዲታጠፍ፣ አለበለዚያ ወርዶ ሳለ በሞተሩ ኃይል መሄድ እንዳይቻል ደነገጉ። ዘመናዊ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ወጣት ስታንዱን ቢረሳ የሚደርስበት ሞተሩ መጥፋቱ ብቻ ነው። አፍሮ ስታንዱን ያነሳና ይሄዳል። ወጣቱ ከሃምሳ ዓመቱ ሰውዬ የበለጠ አስታዋሽ አይደለም፤ ሞተሩ ግን አስታዋሽ ነው።

የአሮጌ ሞተር ባለቤት ታዲያ ምን ያድርግ? ቨርጂኒያ ያለውን ሰውዬ የረዳው መካኒክ የሆነ የአክስቱ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ግን ሞተሩ እንቢ ማለት አልተማረም» አለው። መጀመሪያ የነገረው ገንዘብ የማያስወጣውን ነው፤ ሞተሩን በጎን ስታንድ አቁሞ ማሞቅ እንዲተው። ሲቢ 350 የመሀል ስታንድም አለው። በመሀል ስታንድ የቆመ ሞተር የኋላ ጎማው ከመሬት የተነሳ ስለሆነ ቢረሱትም አይሄድም፤ ጎማው አየር ላይ ይዞራል እንጂ። ለመሄድ የግድ ወደ ፊት ገፍቶ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ሲወርድም ስታንዱ በሞላው ተስቦ ይታጠፋል። የመሀል ስታንድ የሌለው ሰው ደግሞ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ ስታንዱን አንስቶ፣ ከዚያ ሞተሩን ማስነሳትና እዚያው እንደተቀመጠ ማሞቅ ይችላል። ቁም ነገሩ «አስታውስ» የሚለው አይደለም፤ ስታንዱ ሳይነሳ ሞተሩ የማይነሳበትን ቅደም ተከተል መያዝ ነው።

ሁለተኛው ማቋረጫውን መግጠም ነው። ስታንዱ ላይ ትንሽ ማግኔት፣ ፍሬሙ ላይ ጭቃና ውኃ የማይገባው ማብሪያ ማጥፊያ ተገጠመ። ስታንዱ ከተነሳ ወይም ማርሹ ፎሌ ላይ ከሆነ ኤሌክትሪክ ወደ ኮይሉ ያልፋል፤ ሁለቱም ካልሆኑ አያልፍም። ፎሌ መሆኑን የሚያሳየው መብራት ሽቦ ሞተር ሳይክሉ ላይ አስቀድሞ ስላለ ሥራው ብዙ አልከበደም። ይህ ግን ለሁሉም አሮጌ ሞተር በአንድ ዓይነት አይሠራም። በማግኔቶ የሚሠሩ የድሮ እንግሊዝ ሞተሮች ባትሪ ሳይፈልጉ ይነሳሉ፤ እነሱን ማጥፋት የሚቻለው የማግኔቶውን መስመር ከፍሬሙ ጋር በማገናኘት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በባትሪው ዓይነት ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል፤ መንገድ መሀል ሊሆንም ይችላል። በማግኔቶው ዓይነት ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ ይሠራል፤ ጥበቃው ግን ማንም ሳያውቅ ቀርቷል። ስለዚህ በየጊዜው መፈተን ያስፈልጋል፤ ስታንዱን አውርዶ፣ ፍሪሲዮን ይዞ ማርሽ ማስገባት። ካልጠፋ ጥበቃው የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ቅሬታ ይነሳል። «ኦርጅናልነቱ ይጠፋል» ይላሉ። በሁለት ብሎን የታሰረ ነገር በሁለት ብሎን ይፈታል፤ የተሰበረ ትከሻ ግን እንደዚያ አይመለስም። ሌላው ቅሬታ ከበድ ይላል፤ ማሽን የሚያስታውስለት ሰው ራሱ መጠንቀቅ ይተዋል የሚለው። ነገር ግን የሰው ትኩረት የተወሰነ ነው። ስለ ስታንዱ የማይጨነቅ ሰው ስለ መስቀለኛው መንገድ ለማሰብ ቦታ ያገኛል።

በጃፓን ፋብሪካዎች የሠሩት መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ የሚተርኩት ነገር እዚህ ይጠቅማል። ሠራተኞች አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ ሁለት ሞላ ማስገባት ነበረባቸው፤ አልፎ አልፎ አንዱ ይረሳ ነበር። ኃላፊዎቹ በየጊዜው ይቆጣሉ፣ ለጥቂት ቀን ይሻሻላል፣ እንደገና ይረሳል። ሺንጎ ያመጡት ነገር አንድ ትንሽ ሳህን ነው። ሥራው ሲጀመር ሁለቱ ሞላዎች ሳህኑ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተገጥሞ ሲያልቅ ሳህኑ ላይ ሞላ ከቀረ መረሳቱ ያኔውኑ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ዘዴ በመጀመሪያ የተጠራው «ሞኝ መከላከያ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ነበር። በሌላ ፋብሪካ አንዲት ሠራተኛ ቃሉን ስትሰማ «እኔ እንዲህ ያለሁ ሞኝ ነኝ?» ብላ አለቀሰች። ሺንጎ ከዚያ በኋላ ስሙን «ስህተት መከላከያ» ወደሚለው ለወጡት። ልቅሶዋ ትክክል ነበር። የሚረሳ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ለሰው የሚያስታውስበት ደግ ልማድ አለ። የመኪና በር ሳይዘጋ ወይም ነጠላ በበሩ ሾልኮ የሄደ እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ ይጮኻል፤ በቀን መብራት ያበራ ሹፌር ከፊቱ የሚመጡት በእጃቸው ምልክት ያሳዩታል። ይህ ልማድ ሊጠበቅ ይገባዋል። ግን የሚሠራው የሚያይ ሰው ሲኖርና ጩኸቱ ከመታጠፊያው በፊት ሲደርስ ብቻ ነው።

በክልል ከተሞች በሞተር ሳይክል የሚተዳደር ወጣት ብዙ ነው። የስታንዱ ማቋረጫ ያለው ሞተር እንኳ ማብሪያ ማጥፊያው ሲበላሽ ሁለቱን ሽቦ ቀጥታ አገናኝቶ መንዳት ቀላል ነው፤ ርካሽም ነው። ያን ቀን የተጣለው ጥበቃ ስንት ዓመት ሲጠብቅ እንደነበር ማንም አይቆጥርለትም፤ ያልደረሰ አደጋ ዜና አይሆንምና። እንዲህ ያለ ሞተር ወድቆ ሰው ሲጎዳ ደግሞ መዝገቡ ላይ «የጥንቃቄ ጉድለት» ይጻፋል።

ስለዚህ ከማንኛውም አደጋ በኋላ «ማን ረሳ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ረስቶ ሳለ እንዳይሄድ ምን ሊይዘው ይችል ነበር? የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ሰው ይቀጣል። ሁለተኛው ነገ የሚረሳውን ሰው ያተርፋል፤ የሚረሳ ሰው ደግሞ ነገም ይኖራል።