ራሱን የቻለ ዕቃ ፍለጋ ወደ መገናኛ

አንባቢዬ ሆይ፤ ወደ መገናኛ ለዕቃ ግዥ የሚሄዱ ከሆነ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በፊት ይድረሱ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ስለሚለቀቅ «ካራ አንድ ሰው! ኮተቤ አንድ ሰው!» የሚለው የረዳቶች ጩኸት የራስዎን ሐሳብ እንኳ አያሰማዎትም። ከቦሌ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከሾላ፣ ከኮተቤና ከአያት የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ እዚህ ስለሚገጣጠም ቦታው ስሙን በሚገባ ተሸክሟል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀላሉ ባቡር ተጨምሮበታል። ይህ ግርግር ለእግረኛ ቢያስቸግርም ለገዢ ይጠቅማል፤ በየፎቁና በየደረጃው ሥር ከስልክ መሸፈኛ እስከ ውሃ መሳቢያ ሞተር ድረስ ተደርድሮ ስለሚሸጥ፣ አንዱ ሱቅ ቢያስወድድብዎት ሌላው ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው።

እኔ በዚህ ዓመት ወደዚያ ሁለት ጊዜ ወረድሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ለአያቴ እጅ መሰበር ምክንያት ሆነ፤ ሁለተኛው እንቅልፋቸውን መለሰላቸው። የማጫውትዎ የሁለቱን ልዩነት ነው።

አያቴ የሚኖሩት ከመገናኛ በላይ፣ ከየካ ተራራ ወገብ ላይ ነው። ከታክሲ ወርደው ዳገቱን በእግር ሲያያዙት የባሕር ዛፉ ሽታ ይቀበልዎታል፤ ከዚያም ከፍ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ታሪክ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ራስ ወደ ሜዳው የወረደው፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው፣ ከላይ ብርዱና የማገዶው እጥረት ስላስቸገረ፣ ከታች ደግሞ ፍልውሃው ስለ ሳበ ነው። ቤተ መንግሥቱ ወረደ፤ ከተማው ቆይቶ ተመልሶ ወደ ተራራው ወጣ፤ ውሃው ግን አብሮ አልወጣም። ውሃ በቧንቧ ውስጥ ዐሥር ሜትር ሽቅብ እንዲወጣ አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈጃል። ስለዚህ በፈረቃ የሚለቀቀውን ውሃ በታች ያሉት ሰፈሮች ሲቀዱት ይውሉና ከአያቴ ቧንቧ የሚደርሰው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው።

በግቢያቸው አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ መሬት ላይ፣ ሌላ እሱን የሚያህል ደግሞ በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ከታችኛው ወደ ላይኛው የምትስበው ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ናት። ሁለቱም ሮቶዎች እንዲሞሉ ሞተሯ ውሃው እየመጣ ሳለ መሥራት አለባት፤ አለዚያ የታችኛው ይሞላና የተረፈው ፈረቃ በከንቱ ያልፋል። ትተዋት እንዳይተኙ ደግሞ ውሃ አልቆባት በደረቁ ከዞረች ትቃጠላለች። አያቴ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በሳምንት ሁለት ሌሊት ጋቢያቸውን ተከናንበው በግቢው ውስጥ ዘብ ያድሩ ነበር።

እኔ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝና ይህን ማየት አላስቻለኝም። ከመገናኛ በስልክ የሚታዘዝ ሶኬትና ሲም ካርድ የሚገባበት የዋይፋይ ሣጥን ገዝቼ ወጣሁ። የድሮውን ማብሪያ ማጥፊያ ፈትቼ አነሣሁት፤ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብዬ! (ይህችን ስሕተት ልብ ይበሉልኝ።) ሁለት ሳምንት ያህል ከእኔ የሚበልጥ መሐንዲስ አልነበረም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ስልኬን ስነካ ከየካ ዳገት ላይ ሞተር ትነሣለች፤ ባልደረቦቼ ይደነቃሉ፤ እኔም ሻዬን እጠጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ሶኬቷ አገልጋይነቱን ትታ እመቤት ሆነች። አንድ ቀን አዲስ ፕሮግራም ጫንልኝ ትላለች፤ አንድ ቀን የይለፍ ቃሌን አላውቀውም ትላለች፤ አንድ ቀን የኢንተርኔቱ ጥቅል ያልቅና ጭራሽ አልመልስም ትላለች። ቅዳሜዬን ሁሉ እሷን ሳባብል አሳልፍ ጀመር።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ ሌሊት መብራት ሄዶ ተመለሰ። ሶኬቷ መብራት ሲመለስ ጠፍታ እንድትቆይ ሆና የተሠራች ኖሯል፤ ጥቅሉም በዚያው ዕለት አልቆ ነበርና ትእዛዜ አልደረሳትም። በማግስቱ ከላይኛው ሮቶ ውሃ ሲያልቅ አያቴ ማብሪያውን ፈለጉ፤ የለም። ሊደውሉልኝ ይችሉ ነበር፤ «ልጄ ፈተና ያርማል፤ አላውከውም» ብለው ተዉት። የታችኛውን ሮቶ ክዳን ከፍተው በባልዲ ሲቀዱ የረጠበው ሲሚንቶ አዳለጣቸው። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጄሶ ታስሮ ከረመ። እየሮጥሁ ስደርስ አስቀድመው የነገሩኝ «ዕቃህን አላበላሸሁትም፤ እጄንም አላስነካሁት» ብለው ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን እንደ ገዢ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተማሪ ማጥናት ጀመርሁ። የተሳሳትሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንሁም ተረዳሁ። በአሜሪካ ሬቮልቭ የሚባለውን የቤት ማዘዣ ሣጥን የገዙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ኔስት የተባለው ባለቤት ኩባንያ አገልግሎቱን ስለ ዘጋው ሣጥናቸው ባዶ ፕላስቲክ ሆኖባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የኢንስቲዮን ደንበኞች አንድ ቀን ሲነቁ የኩባንያው ዋና ኮምፒዩተር ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ አገኙት፤ በኋላ ከደንበኞቹ አንዳንዶች ተባብረው ድርጅቱን ራሱን ገዝተው አስነሡት። ልብ ይበሉ፤ ለእነዚያ ሰዎች መብራትም ኢንተርኔትም አልጎደለም፤ የጎደለው በሩቅ ያለው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። በእኛ ዳገት ላይ ሦስቱም ሊጎድሉ ይችላሉ። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ከግድቡ እስከ አያቴ ቆጣሪ ድረስ ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት ምሰሶ፣ በክረምት በሽቦው ላይ የሚወድቅ ስንት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አለ!

ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ መገናኛ ስወርድ አንዲት ፈተና አዘጋጅቼ ነበር። ሻጩን «እስቲ ዲቫይደሩ ላይ ሰካውና አብራው» እለዋለሁ። ሲበራ «አሁን ንቀለውና መልሰህ ሰካው፤ ስልክህን ግን እንዳትነካ» እለዋለሁ። ዕቃው በራሱ ወደ ሥራው ከተመለሰ አለፈ፤ ካልተመለሰ ወደቀ። ያለፈውን ደግሞ የሱቁን ዋይፋይ አስጠፍቼ እንደገና እፈትነዋለሁ። አንዱ ወጣት ሻጭ ጠመኔ የነካው እጅጌዬን አይቶ «ቲቸር፤ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ልታርም?» ቢለኝ ሁለታችንም ሳቅን። ከሱቅ ሱቅ ስዞር ብዙዎቹ ወደቁ። ጥቂቶቹ መብራት ሲመለስ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድሞ የሚታዘዙበት ሴቲንግ ስላላቸው አለፉ፤ ይህን ሻጩም ላያውቀው ይችላልና እርስዎ ጠይቀው ያስከፍቱት። ለሞተር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሞተር ስትነሣ ከዘወትሩ አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ትጎትታለች። ለአምፖል የተሠራች ሶኬት ይህን ብዙ ጊዜ አትችለውም። የእኔይቱም ስትከፈት ውስጧ ጠቁሮ ተገኝቷል።

በመጨረሻ ከአንድ ደረጃ ሥር፣ ከቧንቧ ዕቃ መካከል የተቀመጡ ሽማግሌ ነገሬን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው «ለውሃ ከሆነ ውሃውን ራሱን ጠይቀው እንጂ ስልክ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ከመደርደሪያው በታች ያወጡልኝ ረጅም ሽቦ የተያያዘባት ጥቁር የፕላስቲክ ኳስ ናት፤ ፍሎት ስዊች ይሏታል። «ይህች ዋይፋይ አታውቅም» ብለው ሳቁ። ለሁለቱ ኳሶች የከፈልሁት ለመጀመሪያዋ ሶኬት ከከፈልሁት ያነሰ ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። የላይኛው ሮቶ ሲጎድል ኳሷ ወደ ታች ትንጠለጠልና በውስጧ ያለው ማብሪያ ይገጥማል፤ ውሃው ሲሞላ ትንሳፈፍና ይለቃል። በታችኛው ሮቶ ያለችው ተቃራኒውን ትሠራለች፤ ውሃ ሲኖር ትገጥማለች፣ ሲያልቅ ትለቃለች። ሁለቱ በአንድ መስመር ተከታትለው ሲታሰሩ ሞተሯ የምትነሣው ከላይ ጎድሎ፣ ከታች ሲኖር ብቻ ነው። ሰዓት የላቸውም፤ ማስታወሻም የላቸውም፤ ማስታወሻቸው የውሃው ከፍታ ራሱ ነው። መብራት ሦስት ቀን ሄዶ ቢመጣም ኳሷ ያለችበትን ታውቃለች። ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ የነበረው ክቴሲቢዮስ የውሃ ሰዓቱን በተንሳፋፊ መዝጊያ ያስተካክል እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

እርስዎ የሚያስቡት ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ መብራት ከሆነ፣ ለደጅ መብራት ጀምበር ስትጠልቅ በራሱ የሚበራ ባለ ፎቶሴል አምፖል ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚሹ ደግሞ ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው በቤት ውስጥ የሚነጋገሩበትን ዓይነት ይምረጡ፤ ዚግቢ የሚባለው ከቀድሞዎቹ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ማተር የተባለው ስምምነትም ለዚሁ የታሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ሆም አሲስታንት በነጻ የሚገኝና ያለ ሩቅ ኮምፒዩተር የሚሠራ ግሩም ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን በየወሩ አዲስ እትም ይወጣለታልና መነካካት ለሚወድ ወጣት እንጂ ለአያቴ አይሆንም።

ኳሶቹን ያሰረልን ባለ ሙያ ኤሌክትሪሺያን ነው። 220 ቮልትና ውሃ በአንድ ግቢ ሲገናኙ የፊዚክስ መምህርነት አይበቃም፤ ብሬከሩና የመሬት ሽቦው ሳይታዩ ኳሷ ውሃ መግባት የለባትም። ከግድግዳው ላይ ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያ አስገባን፤ በራሱ፣ ጠፍቶ፣ በእጅ። ለአያቴ ሦስቱን በቀለም ለየሁላቸው። እጃቸው ከጄሶ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ «በእጅ» ወዳለው አዙረው ሞተሯ ስትነሣ ሰሙና መልሰው «በራሱ» ላይ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ አልነኩትም።

ባለፈው ሰሞን ፈረቃ በሆነበት ሌሊት ከእሳቸው ዘንድ አደርሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የደጁ አምፖል በራ፤ ወዲያውም ሞተሯ ከግቢው ጥግ አጉረምርማ ተነሣች። እኔ ከልማድ የተነሣ በጨለማ ስልኬን ዳበስሁ። አያቴ ከወዲያኛው ክፍል ያንኮራፋሉ።