ዳር ሲፈታ

ስለ ጣና የሚጻፈው ሁሉ ወደ መሐል ይቀዝፋል። ስለ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ስለ ክብራን ገብርኤል፣ ስለ ብራናዎቹና ስለ መናኞቹ፣ ዓባይም ከዚሁ ሐይቅ ስለ መውጣቱ ብዙ ተብሏል፤ ደግሞም ይገባዋል። ከተማችን ግን ስሟን ያገኘችው ከዳሩ ነው። ባሕር ዳር ተባለች እንጂ ባሕር መሐል አልተባለችም። እኔም የዚህች ከተማ ልጅ ነኝና ለዛሬ መሐሉን ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ ዳሩ ላወጋችሁ ፈልጌአለሁ። ዳሩን የያዘው ደግሞ ደንገል ነው።

ደንገል ለሐይቁ ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ቁመቱ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚያልፍ፣ አናቱ ላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነ አረንጓዴ ጭራ ያለው የውሃ ተክል ነው። ታንኳ ይሠራበታል፤ ምንጣፍ ይሠራበታል፤ ሲደርቅ ይነድዳል። ፈረንጆች ፓፒረስ ይሉታል፤ ወረቀትን የሚጠሩበት ቃል ራሱ ከዚህ ተክል ስም የወጣ ነው። የጥንት ግብፆች የጻፉበት ይኸው ተክል፣ ውሎ አድሮ በገዛ አገራቸው ከዓባይ ዳር ሊጠፋ ደረሰ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በጥንታዊ አሠራር የታነጸ ጀልባ ይዞ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ፣ ጀልባውን ያሠራው ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሲሆን ደንገሉ ግን ተጭኖ የሄደው ከጣና ነበር። የፒራሚዶቹ አገር ደንገል አጥታ ከእኛ ወሰደች ማለት ነው። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በኩራት እናወራዋለን፤ እኔ ስሰማው ግን ከኩራቱ ይልቅ ማስጠንቀቂያው ይጎላብኛል።

ለመሆኑ ደንገል ሣር ነው ወይስ ደን? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1834 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በቲዬራ ዴል ፉዌጎ ጠረፍ ሳለ፣ ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ እስከ ውሃው ገጽ የሚደርስ ግዙፍ የባሕር አረም ተመለከተ። የተቆላለፈ ሥሩ ሲራገፍ ትናንሽ ዓሦች፣ ሸርጣኖችና ቀንድ አውጣዎች ይረግፉ ነበር። በማስታወሻውም አረሙን ከምድር ደኖች ጋር አነጻጽሮ፣ በየትኛውም አገር አንድ ደን ቢወድም በዚህ አረም መጥፋት የሚያልቀውን ያህል የእንስሳት ዓይነት አያልቅም የሚል ሐሳብ አሰፈረ። ዛሬ በካሊፎርኒያም፣ በኖርዌይም፣ በደቡብ አፍሪካም ይህ አረም የባሕር ደን ተብሎ ይጠራል፤ እንደ ደንም ይጠናል። የእኛ ሐይቅ ጨው የለውም፤ ያ አረምም አይበቅልበትም። የእርሱን ሥራ የሚሠራልን ግን አለን።

ቀረሶን እንውሰድ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ያበጃል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ሰብስባ ትይዛለች፤ ጫጩቶቹም ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ እዚያው አፏ ውስጥ ይቆያሉ። የእናት ነገር መቸም ግሩም ነው። ይሁንና አፍ ውስጥ ተኑሮ አይዘለቅም። አንድ ቀን መውጣት አለ፤ የወጣውን ጫጩት ደግሞ ከላይ ወፍ፣ ከታች ትልቅ ዓሣ ይጠብቀዋል። በጣና ከሚኖሩት 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዝርያዎች መካከል 8ቱ ዓሣ በሊታ ናቸው። ስለዚህ ጫጩቱ የሚሸሸገው ትልቁ ዓሣ ሰውነቱን ሊያሾልክ በማይችልበት፣ በደንገሉ ግንድና ግንድ መካከል ነው። እዚያም መሸሸጊያ ብቻ ሳይሆን ምግብም ያገኛል፤ ውሃ ውስጥ ባለው ግንድ ላይ አረንጓዴ ልባጭ ይይዛል፣ ልባጩን ትላትልና ቀንድ አውጣ ይመገቡታል፣ ዓሣውም ከሁሉም ይለቅማል። ጎርፍ ይዞት የመጣው አፈርም ሥሩ ላይ ይያዝና ውሃው ጠርቶ ወደ መሐል ይገባል።

ዓሣ በሊታዎቹም ቢሆኑ ሕፃንነት አለባቸው። ከላቤኦባርበሶቹ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና መገጭ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ፤ ጫጩቶቹ ወደ ሐይቁ ሲመለሱ የሚያድጉት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። እነዚህ ዓሦች ደግሞ ተራ ዓሦች አይደሉም። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቷቸው፣ ለብቻቸው ኖረው፣ ለብቻቸው መልክ ያወጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ነበር። ዛሬ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ሩቅ ሳንሄድ የጎረቤታችንን የቪክቶሪያ ሐይቅን ነገር እናንሣ። ባለፈው የፈረንጆች ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ የናይል ፐርች የተባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ እዚያ ገባና፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የአገሬው ዓሦች ጠፉ ተብለው ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ አጥኚዎች ጥቂቶቹን በሕይወት ያገኙአቸው በደንገሉ ረግረግ ውስጥ ነው። በጥቅጥቁ ደንገል ውስጥ ያለው ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ትልቁ አዳኝ ይታፈናል፣ ትናንሾቹ ይችሉታል። ደንገሉ ባይኖር ኖሮ እነዚያም ጥቂቶች በታሪክ ብቻ በተነገሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ ቀን ከአንድ ወጣት አስጋሪ ጋር ወግ ገጠምሁ። «ደንገሉ ሲጨፈጨፍ ለምን ዝም ትላላችሁ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ የእኔ ሥራ ውሃው ላይ ነው። ደንገሉ ያለው በገበሬው ዳር ነው፤ ሄጄ አትንካ ብለው ማን ይሰማኛል?» አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ያንኑ ጥያቄ ለአንድ ገበሬ አቀረብሁለት። መረር ብሎ ነው የመለሰልኝ፤ «ደንገሉ ውሃ ውስጥ እስካለ የአስጋሪዎቹ ነው። ውሃው ሲሸሽ ግን መሬት ነው። መሬት ካለ ደግሞ እኔ ልጆች አሉኝ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አገሬው ውሃው የለቀቀውን መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል። ባሕር ሸሽ ጥቁር፣ ርጥብ፣ ለም መሬት ነው፤ የእርሻ ማሳው የጠበበው ሰው ቢያርሰው ልፈርድበት አልችልም። ችግሩ ደንገል ለአስጋሪው መሬት፣ ለገበሬው ውሃ መሆኑ ነው፤ በመካከል ባለቤት አልባ ሆነ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ወረቀት የሆነውን ተክል ግን «የእኔ ነው» ብሎ በየቀበሌው የሚቆምለት አልተገኘም።

ባሕሩ እንዴት እንደሚሸሽ ያየነው በ1995 ዓ.ም. ነው። በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቶ፣ ቆየት ብሎም በሮች ተጨምረውለት፣ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውን ውሃ ይቆጣጠር ጀመር። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ይሁን እንጂ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው በትንሹ ዝቅ ሲል ብዙ ዳር ይገለጣል። በዚያ ዓመት ድርቁና የሚለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁ እጅግ ወረደ፤ መርከቦች መሄድ አቃታቸው። የመርከቦቹ ነገር ተወራ። ሥሩ ደረቅ ላይ የቀረው ደንገልም በዚያው ሰሞን ሳሳ፤ የእርሱ ነገር እምብዛም አልተወራም።

በእርግጥ የዓሣውን ማነስ ሁሉ በደንገል ማሳበብ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና መረብ ወደ ጣና ገባ። አጥኚዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ላቤኦባርበሶች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰዋል ሲሉ፣ ዋናውን ተጠያቂ ያደረጉት በመራቢያ ወቅት በወንዝ አፍ የሚጣለውን መረብ ነው። ነገር ግን መረብ ዛሬ ቢነሣ ዓሣው ነገ ይመለሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው፣ ጫጩቱ የት እንደሚያድግ አብሮ ማሰብ አለበት። እናቲቱን ምሮ አልጋውን ማፍረስ ምሕረት አይባልም።

ከዚያ እምቦጭ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፍቶ፣ አገር ተነቃንቆ፣ ገበሬው በባዶ እጁ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል በቴሌቪዥን አይተናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ያልጠራነው አረንጓዴ ሲመጣ ሁላችንም ጮኽን፣ የኖረው አረንጓዴ ሲሄድ ጩኸት አልተሰማም። እምቦጭ ውሃውን እንደ ክዳን ገጥሞ ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ ደንገል ቆሞ መካከሉን ለዓሣ ይተዋል። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ ግን አረንጓዴ ናቸው። ደን ማለት ዛፍ ብቻ የሚመስለው ዐይን ልዩነቱን አያይም።

አባቶቻችን «ዳር ሲፈታ መሐሉ ዳር ይሆናል» ይላሉ። የተናገሩት ስለ አገር ድንበር ነበር፤ ለጣና ግን ቃል በቃል ይሆናል።

ይህን ዳር አጥብቀው የሚያውቁት ሌሎቻችን ስንገፋቸው የኖሩት ናቸው፤ በደንገል የሚተዳደሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች። ከእነርሱ አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ አውቃለሁ። «አባባ፣ እናንተም እኮ ትቆርጣላችሁ፤ ታዲያ ከሌላው በምን ትለያላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። እጃቸው ላይ የነበረውን ደንገል አገላብጠው ቁራጩን አሳዩኝ፤ «እኛ ጸጉሩን ነው የምንላጨው፤ ጸጉር ይበቅላል። አንገቱን የሚቆርጠው ሌላ ነው» አሉኝ።

የዕፅዋት ሊቃውንት የሚሉትም ከዚህ አይርቅም። የደንገል ሕይወቱ ጭቃው ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄደው ወፍራም ሥሩ ነው፤ ሥሩ በርጥበት ውስጥ እስካለ የተቆረጠው ግንድ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ደንገል ችግኝ ጣቢያ አይፈልግም፤ ዘመቻም ሰልፍም አይጠይቅም። አስጋሪው፣ ገበሬውና ቀበሌው አንድ ቀን ዳሩ ላይ ቆመው «ማረሻ እስከዚህ፣ ከዚህ ወዲያ ደንገል» ብለው ቢማማሉ፣ የቀረውን ሥሩ ራሱ ይሠራዋል።