የሌለ መጽሐፍ የመከርኳችሁ እኔ ነኝ!

ዛሬ ምክር ሳይሆን ኑዛዜ ነው ይዤላችሁ የመጣሁት።

ከወራት በፊት በዚሁ ገጽ ስለ ዓይን አፋርነት ስጽፍ «ይህን መጽሐፍ ሳታነቡ እንዳትቀሩ» ብዬ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከነደራሲው ጠቅሼላችሁ ነበር። እውነቱን ልናገር? አላነበብኩትም። ቻትጂፒቲን ጠይቄ ያቀበለኝን እንዳለ ገለበጥኩት። እኔ እንደሆነ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የኮሌጅ ደጅ አልረገጥኩም። የመጽሐፍ ስም ስጠራ የተማርኩ እመስላለሁ ብዬ ነው…

ታዲያላችሁ አንድ ቀን ጋዜጣ የማነብበት ቤተ መጻሕፍት ስገባ፣ ሃምሳዎቹን ያለፉት ሠራተኛ በጣታቸው ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ!» ጽሑፌን ዘረጉልኝ። «አንዲት ልጅ ይህን ፍለጋ ሁለት ቀን ተመላለሰች። ሰው ማናገር ትፈራለች፤ እኔን ለመጠየቅ እንኳ ስንቴ በር ላይ ደርሳ ተመልሳለች። መጽሐፉ ግን የለም። እኛ ጋ ብቻ አይደለም፣ የትም የለም!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ!

«እንዴት አወቁ እትዬ?» አልኩ ድምፄ እየሰለለ። ኮምፒዩተሩን አዞሩልኝ። ወርልድካት ይባላል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የሺህ ቤተ መጻሕፍትን ካታሎግ ባንድ ላይ ይፈልጋል። ርዕሱን ጻፉ። ባዶ! ጉግል ስኮላር ላይም ባዶ! «የአማርኛ ቢሆን ሳይመዘገብ የቀረ ብዙ አለ። የእንግሊዝኛ ሆኖ ከሁለቱም ከጠፋ ግን ተጠራጠር» አሉኝ።

እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራው ማህተም መምታትና «ዝም በሉ» ማለት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከመሳቢያቸው ደብተር አወጡ። በየገጹ የአንድ አዲስ መሣሪያ ስም አለ። ከሥሩ አራት ጥያቄ፦ የማን ነው? ምን ይሠራል? ምን ይሳሳታል? ነጻ ነው ወይስ ቆይቶ ያስከፍላል? አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ቻትጂፒቲ። ኖቬምበር 2022 (እ.ኤ.አ.) ተለቀቀ። ለማጠቃለል ደህና። የማያውቀውን መጽሐፍ ፈጥሮ ይሰጣል፤ ስሙን ሳታጣራ አትመን።»

ሌላ ቦታ የሚሠሩ ጓደኞቻቸው አዲስ ነገር በቴሌግራም ሲልኩላቸው ወዲያው አያወሩም። መልሱን በሚያውቁት ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ይፈትኑታል። ያለፈውን አርብ ከሰዓት ቡና ላይ ለባልደረቦቻቸው ያሳያሉ፣ ለእኛም በእጃቸው ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ያነበቡትን ምንጭ የሚይዝላቸውን ዞቴሮ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያስተማራቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሠራ የመጣ ተማሪ ነው። «ከልጅ መማር ምን ነውር አለው? ነውሩ ያላዩትን አየሁ ማለት ነው» አሉኝ። እኔን መሆኑ ነው!

ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ማን እንደሆነች ብለምናቸው ወይ ፍንክች! «የአንባቢ ነገር ከዚህ ጠረጴዛ አይወጣም» አሉ። ከመደርደሪያው ሌላ፣ እውነተኛ መጽሐፍ እንዳዋሷት ግን ነገሩኝ።

እናም እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ ይቅርታ። ዲግሪ ስለሌለኝ ሳይሆን ስለዋሸሁ ነው ያፈርኩት። ከእንግዲህ በዚህ ገጽ የምጠራው መጽሐፍ በእጄ የገለጥኩት ብቻ ነው። እናንተም መሣሪያውን ተጠቀሙበት፤ ነገር ግን ለሰው ከማቀበላችሁ በፊት እንደ እትዬ ፈትኑት።

ቸር ይግጠመን!