ሙቅ ውሃና የእማዬ ጉልበት

እኛ ቤት ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ከምንሞላቸው ጀሪካኖች አንዱ የእማዬ ጉልበት ድርሻ ነው፤ ሳህን ይደር እንጂ እሱ አይነካም።

እማዬ ጉልበቷን ካመማት ስድስት ዓመት ሆናት። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ መበላት ነው አላት፤ እሷ ቁርጥማት ትለዋለች (ክርክር የለም)። ችግሩ ኮንዶሚኒየማችን ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። መጀመሪያ ዲክሎፌናክ ነበር መፍትሔው። ያስታግሳል፣ አልዋሽም። ግን ለዓመታት በየቀኑ ሲዋጥ ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ጨጓራዋ መጮህ ሲጀምር ሐኪሙ ክኒኑን አስቆማትና ወደ ሳፋው ዞርን።

ጉልበት ሳፋ ውስጥ አይገባም፤ ሞክሩትና ትስቃላችሁ። እግሯን እስከ ባቷ ትከታለች፣ ጉልበቷ ላይ ደግሞ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ እንጠመጥማለን። ሲቀዘቅዝ እንቀይራለን። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ውሃው ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ቢሆን ነው ጥሩ፤ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሕፃን እንደሚታጠብበት ውሃ በክርናችሁ ለኩት። ውሃ ያጠረ ቀን ሃይላንድ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን እናስይዛታለን። የፈላ ግን አትጨምሩበት፤ ፕላስቲኩ ይኮማተራል።

ሙቀቱ የደም ሥርን ያሰፋል፣ የተወጠረ ጡንቻን ያላላል። የተበላውን ለስላሳ አጥንት ግን አይመልስም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከሳፋው በኋላ ያለው ነው፤ ጉልበቷ ሞቆ ሳለ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች፣ አምስት ቆጥራ ታወርዳለች። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት ሸክም ይቀላል። ይህን ለማሠራት የሚፈጀው ልመና ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ይጨምራል፤ ጨው፣ ዝንጅብል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ሽታው ደስ ይላል። የሚሠራው ግን ሙቀቱ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል፤ ውሃውን ሌላ ሰው ይለካለት፣ ከዚያ በፊትም ሐኪሙን ይጠይቅ። ዛሬ ተጠምዝዞ ያበጠ ቁርጭምጭሚትም ሙቀት አይወድም። ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለ ደግሞ ሳፋውን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ለነገሩ ይቺ ከተማ ራሷ የሙቅ ውሃ ልጅ አይደለችም? እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደውት አይደል በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው? የእኛ ፍል ውሃ በምድጃ ነው፤ እሱም መብራት ካለ።

ለውጡን በደረጃ ነው የምለካው። ድሮ ስትወጣ በየፎቁ ታርፍ ነበር፤ አሁን ሁለተኛው ላይ ብቻ። ባለፈው ወር ለልደታ አንዴም ሳትቆም ወረደች። ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት ደረስኩባት። «ደክሞኝ አይደለም» አለችኝ ቀድማ።