«ደብዳቤ ይዘሻል?»

የጉለሌ ሰው ነኝ። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር የጀበና ቡና የሚጠጣ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ባይረግጥም ስለ ግቢው የማይሰማው ወሬ የለም። ተማሪው በርጩማ ስቦ ይቀመጥና ስለ ግሬዱ ያማርራል፣ መምህሩን ያማል፣ የካፌውን ሽሮ ይራገማል። እኔም ስኒዬን ይዤ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። ነውር ነው አትበሉኝ። በተለይ የኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ከሆኑ እነሱም አራት ዓመት ሙሉ የሚማሩት የሰው ወሬ ማዳመጥን ስለሆነ አይቀየሙኝም።

የእነዚህ ልጆች ፈተና የሚጀምረው ከሰፈር ነው። የሕክምና ተማሪ ገና ፍሬሽ ሳለ «ዶክተር» ይባላል፤ የምሕንድስናውም «ኢንጂነር» ተብሎ ቡና ይቀርብለታል። የኮሙኒኬሽኗን ልጅ ግን ጎረቤት እንዲህ ይላታል፦

«ምን ነበር የምትማሪው ያልሽኝ?»

«ኮሙኒኬሽን፣ እማማ።»

«እሰይ! ቴሌ ልትገቢ ነዋ!»

ልጅቷ «አይ እማማ፣ ጋዜጠኝነት ነገር ነው» ብላ ታስረዳለች። «እና መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናይሽ?» ይከተላል። ይኼኛው ከቴሌውም የባሰ ነው፤ መልስ የለውማ።

እኔ ግን ለእማማ ልፍረድላቸው። ልጆቹ የትምህርት ክፍሉን ሲጀምሩ የሚሸመድዱት፣ ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይ፣ በመካከል የሚገባ ረብሻ እያለ የሚሄደው ሥዕል የመጣው ከጋዜጣ ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ክሎድ ሻነን የቤል የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ነበር፤ ጭንቀቱም የስልክ ምልክት በሽቦ ሲሄድ ሳይበላሽ እንዴት ይድረስ የሚል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዋረን ዊቨር የተባለ ሰው ማብራሪያ ጨመረበትና መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዓለም የኮሙኒኬሽን ተማሪ ሁሉ ያንን ሥዕል ደብተሩ ላይ ይሥላል። እናም እማማ ቴሌ ሲሉ ከሥሩ ነው የያዙት።

የግቢውን ኑሮ በየመልኩ ብዘረዝር ቡናው ይቀዘቅዛል። ጠዋት በምግብ ካርድ ተሰልፎ ዳቦና ሻይ፣ ቀን ሽሮ ወይም ምስር፤ የቻለ ነን ካፌ ሆኖ ውጭ ይበላል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ነገር ስላለ ያም ሽሮ በነፃ አይደለም፤ ሲመረቁ የሚከፈል ዕዳ ነው። ከዶርም ሆነው የአንበሳ ግቢውን ግሣት ሰምተው ስለ ነቁ ተማሪዎች የሚወራውንም በየዘመኑ ሰምቻለሁ፤ ፍሬሽ ማስፈራሪያ እንዲሆን የተጨመረበት ቢኖርም አንበሶቹ እውነት ጎረቤት ነበሩ። ግሩፕ ወርክ ደግሞ አለ። አምስት ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፋል፣ አንድ ሰው ሌሊቱን ሲቸክል ያድራል፣ ማቅረቢያው ቀን ግን ሱፍ ለብሶ ከፊት የሚቆመው ከአራቱ አንዱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እናወራለን፤ ብዙ ሰው ቂም ይዟል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ደብዳቤ ነው።

መምህር ያዛል፦ «ወጥታችሁ ዜና ሥሩ። ሦስት ምንጭ ይኑረው።» ልጆቹ ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው፣ ጥያቄያቸውን ጽፈው፣ በታክሲ ተጋፍተው አንድ መሥሪያ ቤት በር ይደርሳሉ። ጥበቃው ቦርሳ ይፈትሻል፣ መታወቂያ ያያል፣ ቀጥሎ ያቺን ጥያቄ ይጠይቃል፦

«ደብዳቤ ይዘሻል?»

ደብዳቤ ማለት ከትምህርት ክፍሉ የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ ነው። «ተማሪዎቻችን ስለሆኑ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚል፣ ክብ ማኅተም ያለው። እሱን ለማግኘት ጸሐፊዋ መገኘት አለባት፣ ፈራሚው ከስብሰባ መውጣት አለበት፣ መዝገብ ቤት ቁጥር መስጠት አለበት። ደብዳቤው ደርሶ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ይመራል። ወደ ኃላፊ፣ ከኃላፊ ወደ ሕዝብ ግንኙነት፣ ከሕዝብ ግንኙነት ወደ «የሚመለከተው ባለሙያ»። ባለሙያው መስክ ወጥቷል። ዜናው በዚህ መሀል አርጅቶ ታሪክ ይሆናል፤ ማስረከቢያው ቀን ግን አያረጅም።

የሚያስቀው ይህ ነው። እነዚሁ ልጆች የሚዲያ ሕግ በሚለው ኮርስ አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ለፈተና ያጠናሉ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ይባላል። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ ጠያቂውንም ተቀብሎ የሚያስተናግደው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። አዋጁን በቃል ወጥታ ኤ ያገኘች ልጅ በማግስቱ በር ላይ ትቆማለች። ጥበቃው ግን ያንን ኮርስ አልወሰደም። በእሱ አልፈርድም፤ ያለ ደብዳቤ ሰው ቢያስገባ የሚገሠጸው እሱ ነው። እኔን የሚገርሙኝ አዋጁን አንብበው ከውስጥ ሆነው ደብዳቤውን የሚጠብቁት ናቸው።

በሩ ሲዘጋባቸው ልጆቹ ወደ ግቢያቸው ይመለሳሉ። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ መጀመሪያም ከግቢ አትውጡ እላቸው ነበር። ከዋናው በር ገብተው የሚያዩት ሕንፃ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት አሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን የሰበሰበው እዚሁ ነው፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበትም እዚሁ። ከዚያ የተከተለው የሦስት ቀን ፍጅት መታሰቢያው ሐውልት ከበሩ ወጣ ሲሉ አደባባዩ ላይ ቆሟል። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥትም ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑት በዚሁ ቤተ መንግሥት ነው። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለበት፤ የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል። በየቀኑ በአጠገቡ አልፎ ወደ ክፍል የሚሮጥ፣ እስኪመረቅ ድረስ ግን አንድ ቀን ገብቶ ያላየ ተማሪ ብዙ ነው።

እና የጋዜጠኝነቱን ነገር ካነሣን፣ ድሮ በዚህ ግቢ ይጽፉ የነበሩ ተማሪዎች ደብዳቤ ጠይቀው አያውቁም ነበር። የተማሪዎች ኅብረቱ «ስትራግል» የሚባል የእንግሊዝኛ መጽሔት ነበረው። ኅዳር 1962 ዓ.ም. ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው እስከ ዛሬ ይጣላበታል። በቀጣዩ ወር የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ አስከሬኑን ይዘው ግቢ ውስጥ ያለቀሱት ተማሪዎችም ላይ ተተኮሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1953 ዓ.ም. አራት ኪሎ በነበረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥሙን በኮሌጅ ቀን ለተሰበሰበው ሰው አንብቧል። ለዛሬዎቹ ልጆች እንደዚያ ሁኑ አልልም። ያ ዘመን የበላው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ፊርማ ሲጠብቁ ባያቸው ቁጥር ይታወሰኛል።

አሁን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከቡና መጠጫዬ አጠገብ አንድ ሸማኔ አሉ። ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበብ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከዚያው አገር ናቸው። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መርገጫውን ሲረግጡ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲልኩ፣ ማጉን መትተው ሲያጠብቁ አንድ ዓይነት ዜማ አለው። አንድ ቀን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መጣች። መሥሪያ ቤት ሄዳ በር ላይ የተመለሰች ናት፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። የሬዲዮ ዝግጅት ሥራ አለባት።

እሳቸው ደብዳቤ አልጠየቁም። ግን ዝም ብለው አስገቧት ማለት አይደለም። «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው? ቡና ጠጥተሻል?» አሏት። ልብ በሉ፣ ይህ ከማኅተሙ የከበደ ፍተሻ ነው። አገሯ ወሎ እንደ ሆነ፣ አባቷ አስተማሪ እንደ ሆኑ ነገረቻቸው። ተፈቀደ።

ስልኳን አወጣችና ማይኩ ባለበት በኩል ካልሲ አለበሰችው፤ ነፋስ እንዳይገባ። ሳቄን ዋጥኩ። እሳቸው ድምፅ እንዳይረብሻት ብለው «ላቁምልሽ ልጄ?» አሏት።

«አይ አባባ፣ አያቁሙ! እንዲያውም ጠንከር አድርገው ይምቱት።»

ያ ሻነን በሽቦው ውስጥ ሲያሳድደው የነበረው ረብሻ ለእሷ ወርቅ ሆነ። መጀመሪያ የእጅ ሥራውን ድምፅ ብቻ ረዘም አድርጋ ቀዳች። ቀጥሎ ጠየቀች። እሳቸውም ስለ ድሩ ዋጋ፣ በማሽን ተሠርቶ ከውጭ ስለሚመጣው ቀሚስ፣ ልጃቸው ሽመናን እንደማይፈልግ ተናገሩ። አንዴ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ መወርወሪያቸው ቆመ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ጠበቀች። በኋላ ስጠይቃት «ዝምታውንም ቀድቼዋለሁ» አለችኝ። ያኔ ነው ይቺ ልጅ ጋዜጠኛ ትሆናለች ያልኩት።

ሆነችም አልሆነችም ጊዜ ይፈታዋል። ዩኒቨርሲቲው የራሱ የኤፍ ኤም ጣቢያ አለው፤ እዚያ እጁን የሚያፍታታ ተማሪ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ከመቶ ሃምሳ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ አራተኛ ዓመት ላይ ያ ሁሉ ሞዴል ከደብተር ይወጣና ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ እንደገና ይሸመደዳል። ካለፉ በኋላም ጋዜጣና ሬዲዮ የሚቀጥሩት ጥቂት ነው። የቀረው የሚገባው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፤ ማለትም አዋጅ 590 ስሙን ጠርቶ ሥራ የሰጠው ወንበር ላይ።

የሽመናዋ ልጅ ዘንድሮ ለተግባር ልምምድ የተላከችው ከእነዚሁ ክፍሎች ወደ አንዱ ነው። ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ ስብሰባ ላይ ፎቶ አነሣለሁ፣ ለፌስቡክ ገጹ ዜና እጽፋለሁ፣ የሚመጡ ደብዳቤዎችን እመዘግባለሁ አለችኝ። አንድ ቀን ከራሷ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዓመት ልጆች መጡ። ደብዳቤ አልያዙም።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«አለቃዬ ምሳ እስኪወጣ ኮሪደር ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ባለሙያው ጋ ወስጄ አስገባኋቸው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ብያቸው ዘጠኝ ጠየቁት።»